ስፒናው ገባ ማለት ሰራ ማለት አይደለም

ሰላም ነው ወገን። ዛሬ ስለ ስፒናና ስለ ቮልት ልጻፍ ብዬ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ፣ እና የሐጅ ሰሞን ሲደርስ፣ ዲያስፖራው ለበዓል ሲገባ፣ ወይ ከአረብ ሀገር ካርጎ ሲራገፍ ሱቅ ሚመጣው ሰው አብዛኛው አንድ አይነት ነገር ነው ሚጠይቀኝ፣ "ወንድሜ የዚን ዕቃ ስፒና ሚያስገባ አዳፕተር አለህ?" ዕቃው ግን ቤት ነው፣ አልያዘውም። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ዕቃውን አምጣውና ልየው ስል አንዳንዱ ይናደዳል፣ አንድ አዳፕተር ለመግዛት ምንድነው ይሄ ሁሉ ምርመራ ብሎ ጎረቤት ሱቅ ይገባል። ይግባ፣ አዳፕተሩን እዛም ያገኘዋል። ግን አዳፕተር ሚቀይረው ቅርጹን ብቻ ነው፣ መብራቱን አይነካውም፣ 220 ከገባ 220 ነው ሚወጣው።

እኛ ጋ ሰው ስለ ስፒና ቅርጽ ብዙም ማይጨነቀው ለምን መሰላችሁ፣ ሸዋ በር ገበያ ሄዳችሁ ምትገዙት ዲቫይደር ሁሉን ስለሚውጥ ነው። ቀዳዳውን ልብ ብላችሁ እዩት፣ ክቡም፣ ጠፍጣፋውም፣ ሰያፉም፣ ባለ ሶስት እግሩ የእንግሊዝም እንዲገባ ተደርጎ ነው የተቦረቦረው። ግድግዳ ላይ ያለው የኛ ሶኬት ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ ስለሆነ የአሜሪካኑን ጠፍጣፋ ስፒና አያስገባም። ሀገሮች የተለያየ ስፒና መጠቀማቸው ሲያዩት ጣጣ ብቻ ይመስላል፣ ግን በኛና በአሜሪካ መሀል ያለው ልዩነት ጥሩ ዘበኛ ነው፣ ለ120 ቮልት የተሰራ ዕቃ 220 ላይ እንዳይሰካ ይከለክላል። ዲቫይደሩ ያንን ዘበኛ ነው ሚያባርረው።

ስለዚ ከስፒናው በፊት ጀርባውን አዙሩ። የስልክ ቻርጀር በሉት፣ ፒያስትራ በሉት፣ ካውያ በሉት፣ ጀርባው ላይ ወይ ሆዱ ስር ደቃቅ ጽሁፍ አለች፣ ባይናችሁ ካልታየቻችሁ በስልክ ፎቶ አንሱና አጉሏት። ኢንፑት ሚለውን ፈልጉ። አጠገቡ 100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ (መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው) ካለ ተገላገላችሁ፣ ዕቃው የትም ሀገር መብራት ላይ ይሰራል፣ ምትፈልጉት ቅርጽ ሚቀይር ርካሽ አዳፕተር ብቻ ነው። የዛሬ ስልክና ላፕቶፕ ቻርጀር ከሞላ ጎደል ሁሉም እንደዚ ነው። አንዳንድ ሰው ደግሞ ከስር ያለውን አውትፑት አንብቦ ይደነግጣል፣ 5 ቮልት ይላል እንዴት 220 ይችላል ይለኛል። እሱ ወደ ስልኩ ሚሄደው ነው፣ እናንተ ምታዩት ከግድግዳ ሚገባውን ነው። በነገራችን ላይ ይሄ 100-240 ሚባለው ለመንገደኛ ብቻ አይደለም ሚጠቅመው፣ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲለኩስ መብራቱ ወርዶ አምፖሉ ሲደበዝዝ ስልካችሁ ምንም ሳይመስለው ቻርጅ ሚያደርገው በሱ ምክንያት ነው።

ችግሩ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ዕቃ ላይ ነው። 120 ቮልት 60 ኸርዝ ይላል፣ አለቀ፣ ሌላ የለውም። አንዲት እናት ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸውን ጁስ መፍጫ በፌስታል ይዘው መጡ፣ "አንዴ እንደ ጉድ ጮኸና ዝም አለ" አሉኝ። ገና ስፈታው ያ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ አለ አይደል፣ እሱ አፍንጫዬን አለኝ። የሞተሩ ጥቅል መዳብ መሆኑ እስኪጠፋ ጠቁሯል፣ በአንድ ጎኑ ሽቦዎቹ ቀልጠው ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። "እማማ ይሄ እኮ የ120 ነው፣ በዲቫይደር ነው አይደል የሰኩት?" ስላቸው "አዎ ልጄ፣ ልክክ ብሎ ነው እኮ የገባው" አሉ። ጭንቀታቸው ለልጅቷ ምን እንደሚሏት ነበር፣ ስትደውል ትጠይቀኛለች ምናምን። እኔ ማይጠገን ነው ብዬ አንገቴን ስደፋ ጭራሽ እሳቸው "አብሽር፣ ዕቃ ነው" ብለው አጽናንተውኝ ሄዱ።

ሰው ቮልቱ እጥፍ ከሆነ ሙቀቱም እጥፍ ይሆናል ብሎ ነው ሚያስበው። አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ሚያልፈው ከረንትም እጥፍ ይሆናል፣ ሁለቱ ሲባዙ አራት። ለ110 የተሰራ 1000 ዋት ካውያ 220 ላይ ስትሰኩት ወደ 4000 ዋት ይሄዳል፣ እንግዲህ ወይ ውስጡ ያለው ሽቦ ይበጠሳል፣ ወይ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ብሬከሩ ቀድሞ ከወረደ ዕድለኛ ናችሁ። ለዛ ነው ሙቀት ሚያመነጭ ነገር ላይ ሁሌ ድርቅ ምለው፣ ካውያ፣ ፒያስትራ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ የውሃ ማፍያ። ከነሱ ውስጥ ለጉዞ ተብለው የተሰሩ 100-240 ሚሉ ፒያስትራዎች አሉ፣ እነሱ ምንም አይሉም። አንዳንድ የፀጉር ማድረቂያ ደግሞ ጎኑ ላይ በሳንቲም ሚዞር 125 እና 250 ሚል መቀየሪያ አለው፣ እሱን ራሳችሁ ነው ምታዞሩት፣ በራሱ አያውቅም።

በተቃራኒው ስንሄድ ደግሞ ምጣዱ አለ። ምጣድ ጠቅልሎ አሜሪካ ልወስድ ነው ይሰራል ወይ ብሎ ሚጠይቀኝ ስለማይጠፋ ይሄን በደንብ ልናገር። የኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ነው ሚሰራው፣ 3000 ዋት ነው እንበል። አሜሪካ ግድግዳ ላይ ስትሰኩት አይቃጠልም፣ አይጨስም፣ በቃ ይሞቃል። ይሞቃል ግን አይጋግርም። በዛው ሂሳብ 120ን ለ220 አካፍላችሁ ውጤቱን በራሱ ስታባዙት 0.3 ገደማ ይመጣል፣ 3000ው ወደ 900 ዋት ይወርዳል ማለት ነው፣ በ900 ዋት ያን የሚያህል ሸክላ አግሎ እንጀራ ዓይን ማስወጣት ዘበት ነው፣ ሊጡ እዛው ተኝቶ ያያችኋል። ቮልት ሚቀይር ትራንስ ልግዛለት ሚልም አለ። አይሆንም፣ ምክንያቱም አሜሪካ ያለው ተራ ሶኬት ባብዛኛው 15 አምፔር ብሬከር ላይ ነው፣ 15 በ120 ሲባዛ 1800 ዋት፣ ከዛ በላይ ከሳባችሁ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ትራንሱ ደግሞ ከየትም ዋት አይወልድም፣ ከዛው ግድግዳ ነው ሚስበው።

ሚገርመው አሜሪካኖቹ ቤት 240 ቮልትም አለ። ለልብስ ማድረቂያና ለምድጃ ተብሎ በተለየ ትልቅ ሶኬት ነው ሚመጣው። ምጣድ ሞተር የለው ምን የለው፣ 60 ኸርዝ ቢሆንም ደንታ የለውም፣ በ240 እንዲያውም ከኛ ቤት ትንሽ ባስ ብሎ ይግላል። ግን እሱ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ሚሰራው ስራ ነው፣ በተከራያችሁት አፓርታማ የልብስ ማድረቂያውን ሶኬት እንዳትነካኩ። እዛ ያለው ሐበሻ መላ የመታው በኖርዌይ ቂጣ በኩል ነው። ከኖርዌይ የሄዱ አሜሪካኖች ሌፍሰ ሚሉት ስስ ቂጣ አላቸው፣ እሱን ሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለ120 የተሰራ ነው፣ ሐበሻው እሱን ገዝቶ እንጀራ አወጣበት። አሁንማ ለእንጀራ ተብሎ በ120 የተሰራም አለ። ስለዚ ሻንጣችሁን በምጣድ አታጨናንቁ፣ በርበሬና ሽሮ ያዙበት።

ወደ አረብ ሀገር እንምጣ፣ ከወሎ ሚወጣው ሰው ብዛቱ ወደዛ ስለሆነ። ዱባይ፣ ኩዌት፣ ኳታር፣ ባህሬን፣ ኦማን መብራታቸው ከ220 እስከ 240 ባለው ውስጥ ነው፣ ኸርዙም እንደኛ 50 ነው፣ ስለዚ በቮልት በኩል ሰላም ነው። ሚለየው ስፒናው ነው፣ ባለ ሶስት ጠፍጣፋ እግሩ የእንግሊዝ ነው። እሱ ስፒና እ.ኤ.አ. በ1947 ደረጃ የወጣለት ሲሆን ለኔ ካሉት ሁሉ በጥንቃቄ የታሰበበት እሱ ነው። የላይኛው እግር ከሁለቱ ይረዝማል፣ እሱ ቀድሞ ሲገባ ነው የታችኞቹን ቀዳዳዎች የዘጋው ሽፋን ሚከፈተው፣ ህጻን ልጅ ሚስማር ቢከት አይገባለትም። ሀበሻ ግን መላ አያጣም፣ የላይኛውን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ገፋ አድርጎ ሽፋኑን ይከፍትና የኛን ሁለት እግር በግድ ይሰነቅረዋል። አይታችሁት ከሆነ ስፒናው ተንጋዶ ነው ሚቆመው፣ በደንብ ስለማይነካ ይሞቃል፣ ጭጭ ጭጭ ሚል ድምጽ ያሰማል፣ ቆይቶ ፕላስቲኩ ቡኒ ይሆናል። በእስክሪብቶ ፈንታ ቁልፍ ሚጠቀምም አለ፣ ቁልፍ እኮ ብረት ነው ወገን! አዳፕተሩ እዛ በየባቃላው፣ በየሰፈሩ ሱቅ ማለቴ ነው፣ በትንሽ ብር ይሸጣል።

ሲመለሱ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። የገዙት ዕቃ ባለ ሶስት እግር ነው፣ እኛ ጋ መፍትሄው በመቀስ ቀጭ አድርጎ ቆርጦ ሁለት እግር ስፒና መግጠም ነው። እኔም ይሄን ስራ በየቀኑ ነው ምሰራው፣ ግን ስትቆርጡት ምን እንደምትጥሉ እወቁ። አንደኛ ፊውዙ። የእንግሊዙ ስፒና ሆዱ ውስጥ ፊውዝ አለው፣ 3 ወይ 13 አምፔር ምናምን፣ ገመዱ ውስጥ ሽቦዎቹ እርስ በርስ ቢነካኩ እሱ ነው ሚቃጠለው። ሁለተኛ አረንጓዴና ቢጫ ሚዥጎረጎረው ሽቦ፣ እርዙ፣ ወደ ዕቃው ብረት ያመለጠ መብራት ወደ መሬት ሚያወርደው። ቡኒውና ሰማያዊው በየእግራቸው ይታሰራሉ፣ አረንጓዴው ቦታ የለውም ተብሎ ተቆርጦ ይጣላል። ለቴሌቪዥን እሺ፣ ብዙው ቴሌቪዥን ከመጀመሪያውም ሁለት ሽቦ ነው። ለልብስ ማጠቢያና ለፍሪጅ ግን እኔ እርዙን አልቆርጥም፣ በእርጥብ እጅ ሚነካ ብረት ነው። ጎንና ጎኑ ላይ ብረት ያለውን ትልቁን ክብ ስፒና ግጠሙ፣ ሶኬቱም እርዝ ያለው ይሁን፣ ቤቱ እርዝ ከሌለው ደግሞ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አስቀብሩ።

ሳውዲ ለብቻዋ ናት። ቮልቷ ለረጅም ጊዜ ሁለት አይነት ነበር፣ ለመብራትና ለትንንሽ ዕቃ 127፣ ለኤሲና ለትልልቁ 220። እ.ኤ.አ. በ2010 መንግስቷ ቀስ በቀስ ወደ 230 እንዲቀየር ወስኗል፣ አሮጌ ቤት ውስጥ ግን ሁለቱንም ልታገኙ ትችላላችሁ፣ ቤት ሰራተኛ ሆና የገባች እህት ከኛ የወሰደችውን ነገር ሰክታ በደንብ አልሞቅ ካላት 127ቱ ላይ ሰክታው ሊሆን ይችላል። ኸርዟ ደግሞ 60 ነው፣ ከባህረ ሰላጤው ጎረቤቶቿ እሷ ብቻ ናት እንደዛ። ሀገሮቹ መስመራቸውን ሲያገናኙ ሳውዲ ውስጥ አል ፋዲሊ ሚባል ቦታ ላይ 50ውን ከ60ው ሚያገናኝ ልዩ ጣቢያ መስራት ነበረባቸው። ለሐጅና ለዑምራ ለምትሄዱ ይሄ ሁሉ አያስጨንቃችሁም፣ ስልክ ቻርጀራችሁና አንድ የእንግሊዝ አዳፕተር ይበቃችኋል። ፍሪጅና ማይክሮዌቭ በካርጎ ለምትልኩ ግን ጀርባው ላይ 50/60 መሆኑን እዩ። 60 ብቻ ካለ የፍሪጁ ሞተር እኛ ጋ ሲመጣ በአንድ ስድስተኛ ቀስ ብሎ ነው ሚዞረው፣ እየሞቀ ይሰራል፣ ዕድሜው ያጥራል።

ቤሩት የነበራችሁ ደግሞ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። ቮልቱም እንደኛ ነው፣ ሁለት ክብ እግሩም ብዙ ቤት ይገባል። አምፔር ሚባለውን ነገር እንደ ቤሩት ተመላሽ ሚገባው ሰው ደግሞ አላየሁም፣ የሰፈሩን ጀነሬተር ኢሽቲራክ፣ ማለት የኮንትራት ክፍያውን፣ በ5 አምፔር ሲከፍሉ ኖረው ካውያና ልብስ ማጠቢያ አብሮ ከተከፈተ ጨለማ እንደሚሆን በኑሮ ተምረውታል። 5 በ220 ሲባዛ 1100 ዋት እኮ ነው በቃ።

ኸርዝን በጆሮ መስማት ምትፈልጉ ፀጉር ቤት ሂዱ። ከአሜሪካ የመጣ ባለ ገመድ ቶንዶስ ፀጉር አስተካካዮች ይወዱታል፣ ጉልበት አለው። ባለ ማግኔቱ ቶንዶስ ግን ሚርገበገበው በመብራቱ ኸርዝ እጥፍ ነው፣ በ60 ኸርዝ በደቂቃ 7200 ጊዜ፣ በኛ 50 ግን 6000 ጊዜ። በትራንስ ቮልቱን ወደ 110 አወረድንለት፣ ጥሩ፣ አይቃጠልም፣ ግን ትራንስ ኸርዝ አይቀይርም፣ ምቱ ይለወጥበትና ቀቀቀቀ እያለ ይንጫጫል። ጎኑ ላይ ያለችውን ብሎን በዊንዲ ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ ድምጹ ለስለስ ሲል ትተዉታላችሁ። እንደ አሜሪካው አይሆንም ግን ይቆርጣል። አዲስ ምትገዙ ከሆነ ባለ ባትሪውን፣ በዩኤስቢ ቻርጅ ሚያደርገውን እዘዙ፣ እሱ ከዚ ሁሉ ነጻ ነው።

ትራንስ ልግዛ ለምትሉ። ጥሩ ትራንስ ከባድ ነው፣ ውስጡ ብረትና መዳብ ስለሆነ። ዕቃው 700 ዋት ከሆነ 1000 ወይ ከዛ በላይ ያለውን ውሰዱ፣ ሞተር ሲነሳ ብዙ ይስባል። በመዳፍ ሚያዝ ቀላል ነገር ሆኖ 1600 ዋት ተጽፎበት ካያችሁ እሱ ለካውያና ለፀጉር ማድረቂያ አይነት ብቻ ነው፣ መብራቱን እየቆራረጠ ነው ሚያቀምሰው፣ ኤሌክትሮኒክስ ካያያዛችሁበት ያበላሽባችኋል። እውነት ለመናገር ለአንድ ጁስ መፍጫ ብላችሁ ትራንስ ከምትገዙ ብዙ ጊዜ እዚው የ220 መፍጫ ብትገዙ ይሻላችኋል፣ ይሄን ስል ትራንስም እሸጣለሁ።

ሌላው ቀላል ነው። አውሮፓ 230 እና 50 ኸርዝ ነው፣ የኛ ስልክ ቻርጀር ባብዛኛው ቀጥታ ይገባል፣ ቱርክም እንደዛው፣ እንግሊዝና ኬንያ ግን ባለ ሶስት እግሩን ይፈልጋሉ። ቻይና ቮልቱም ኸርዙም ከኛ አንድ ነው፣ እግሩ ብቻ ነው ጠፍጣፋና ሰያፍ። ስኮላርሺፕ አግኝታችሁ ጃፓን ምትሄዱ 100 ቮልት ነው፣ የአሜሪካ አይነት ሁለት ጠፍጣፋ እግር፣ ኸርዙ ደግሞ ቶኪዮ 50 ኦሳካ 60። አንድ ሀገር ውስጥ! እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ቶኪዮ ጀነሬተር ከጀርመን ኦሳካ ከአሜሪካ ገዝተው እስካሁን እንደዛው ቀሩ።

አንድ ሌላ በብዛት ምጠየቀው፣ "ላፕቶፑ ይነዝረኛል" ሚባለው ነው። ባለ ብረት ላፕቶፕ በሁለት እግር አዳፕተር ስትሰኩት ክንዳችሁ ስር እንደ መርፌ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፣ በተለይ ባዶ እግራችሁን ሲሚንቶ ላይ ከሆናችሁ። ቻርጀሩ ላይ ያለው ሶስተኛው እርዝ አዳፕተሩ ውስጥ ስለተቋረጠ ነው፣ ከቻርጀሩ ሚወጣው ትንሽዬ ከረንት መሄጃ አጥቶ በናንተ በኩል ይወርዳል። ጤነኛ ቻርጀር ከሆነ ያን ያህል አይጎዳም፣ እርዝ ያለው አዳፕተር ቀይሩ ይጠፋል። አስመስሎ የተሰራ ርካሽ ቻርጀር ከሆነ ግን ንዝረቱን አትናቁት፣ ጣሉት።

ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ምትሄዱ ፓወር ባንኩን ታች በሚገባው ሻንጣ እንዳትከቱት፣ በእጅ ቦርሳ ነው። ሚፈቀደው እስከ 100 ዋት አወር ነው፣ ከዛ በላይ እስከ 160 አየር መንገዱን ማስፈቀድ ይፈልጋል፣ ከ160 ካለፈ አይፈቀድም። 20,000 ሚሊ አምፔር አወር ሚለው በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት አወር ነው፣ ያልፋል። ዋት አወሩ ጀርባው ላይ ተጽፎ ይሁን፣ ጽሁፉ የተፋቀ ከሆነ ፈታሾቹ ሊያስቀሩባችሁ ይችላሉ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኤርፖርት በር ላይ ሻንጣ ፈታችሁ ከምትበረብሩ ከቤት ስትወጡ አውጥታችሁ ያዙት።